ስድስተኛዋ ጣት

ሦስት ዓመቴ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ።
ክር ሲበጠስ እቀጥላለሁ፣
ሲቋጠር እፈታለሁ፤
ጠዋት፣ ውርጩ ቆርቆሮውን ሲያነጣው፣
የማሽኑን ጩኸት በጆሮዬ ይዤ ልተኛ እገባለሁ።

መሐል ሜዳ ወጥቼ ያማከርኳቸው
እትዬ በለጥሻቸው
(ውቃቢ አለባቸው፤
ቄሱም ያውቃሉ፣ ግን ሰላም ይሏቸዋል)
ባናቸውን እስከ አገጭ ስበው እንዲህ አሉኝ፦
«ህልም ውስጥ መሆንሽን ማወቅ ካማረሽ
እጅሽን አንሺና ጣትሽን ቁጠሪ።
እዚህ አምስት ነው የሰጠሽ፤
እዚያ ግን ደንብ የለም፣
አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት።
ያኔ ደጃፉን አልፈሻል።
አትሩጪ። አትጩሂ። ቁሚበት።»

ከዚያ ወዲያ ቁጠራ ሆነ ሥራዬ፤
ባጃጅ ላይ አንድ፣ ሁለት፣
ደመወዝ ስፈርም ሦስት፣ አራት።
ገንዘብ ያዧ «ምን ጎደለሽ?» ትለኛለች።
ምንም። አምስት ናቸው። ቀን ሁሌም ሞልተዋል።
ሞልቶም የሚጎድል አለ፤
ሞላልኝ የሚባል ወንድም ነበረኝ፣
የአይሱዙ ረዳት፤
ከነጫነው ማሾ ጣርማ በር ላይ
ጉም የዋጠው።

በጥር፣ አንድ ረፋድ፣ እንቅልፍ ወሰደኝና
ዋሻው ውስጥ ራሴን አገኘሁት።
በዚህ በኩል ጉም፣
በዚያ በኩል የሸዋ ሮቢት ፀሐይ፤
መሐሉ ጨለማ፣ ውኃ ጠብ፣ ጠብ።
እጄን አነሳሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።
ስድስት።
ከትንሿ ጣቴ ጎን የበቀለች፣
ጥፍሯ ገና ያልጠነከረ፣ የሕፃን የመሰለች።

አልጮኽሁም።
ዓለቱን ብነካው እንደ ሱፍ ለሰለሰልኝ።
መብረር እችል ነበር፣ እንደ ጆፌ አሞራ፣
ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል፣ ደብረ ሲናን ከእግሬ ሥር አድርጌ።
አልበረርኩም።
እሱን ጠራሁ።

ከጉሙ ወጣ፣ ሸራ በትከሻው፣ ገመድ በክንዱ፣
ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ።
«መጣሽ?» አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን።
«ህልም ነው እኮ፣ ሞላልኝ፤ አየህ፣ ስድስት ናቸው»፤
መዳፌን ዘረጋሁለት።
ሳቀ። ጓንቱን አወለቀና
«የኔንስ ቁጠሪ» አለ።
ቆጠርኩ።
ደግሜ ቆጠርኩ።
አምስት።

ታዲያ ከሁለታችን የተኛው ማነው?

ነቃሁ፤ ወይም ደግሞ
የለመድኩት ክፍል ውስጥ ዓይኔን ገለጥኩ፤
ሚስማር ላይ ፌስታል፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣
አምስት ጣት።
ለእትዬ በለጥሻቸው ደወልኩ።
ቆይተው ነው የመለሱልኝ፣ የመንዝ ነፋስ በስልኩ ይሰማል፦
«ህልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ።
ውሸት ነው፣ ልጄ፤ እንደ ፈታዩ ነው።»
ምን ማለትዎ ነው ልላቸው ስል
ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ማታ ፈረቃዬ ላይ
አንድ ክር ተበጠሰ፤ ጎንበስ ብዬ ቀጠልኩት።
ከወዲያ ማዶ ጫፉን የያዘ ሰው ይኑር አይኑር
እንጃ።
ቀስ ብዬ ሳብ አደረግኩት።
አልላላም።