ድምፅ የሌላት ፊደል

በቦትስፊዮርድ ቀትር መብራት እንደበራ፤
ፀሐይ ከኅዳር ነው የሸሸች ከተራራ።
በሦስተኛ ክፍል አሥራ ሰባት አንገት
አቀርቅሮ ያያል የሥዕል ምልክት።

ወጥ ቤት ተቀምጬ ማታ የሣልኩት ነው፣
ለያንዳንዱ ፊደል ምስል ሰጥቼው፤
ኮከብ ለአንዱ ድምፅ፣ ደወል ለሌላኛው፣
ሻማ፣ የጥድ ፍሬ፣ አጋዘን ከኋላው።
(አጋዘኑንማ «ፍየል ናት» አሉና
ሳቁብኝ፤ ይሳቁ፣ አልችልበትምና።)
ጓንቲም ሣልኩ፣ ነጠላ፣ ጥንዷ የጠፋባት፤
ለማሳሳቻ ነች፣ መልሱ ውስጥ ቦታ የላት።

«ሥዕሉን» አልኳቸው «አንድ ባንድ እያያችሁ
ፊደሉን ተኩበት፣ ከሥር እየጻፋችሁ፤
ስትጨርሱት የበዓል ሰላምታ
ይወጣል።»
ሆነ የእርሳስ ጫጫታ።

ቪልያ ቀድማ ጮኸች፣ እጇን ሳታወጣ፦
«መልካም ገና!» ብላ። መምህር ምን ትቆጣ?
ኤስኪል አኩርፎ ላጲሱን ወረወረ፣
ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቶት ነበረ።
መልስ እንደ ጉንፋን ነው፤ ከወንበር ወደ ወንበር
ተጋባ፣ ሳይቆይ ደረሰ እስከ በር።

በሩ ጋ ሲንድሬ፤ ትምህርት ከጀመረ
አንድ ሁለቴ ነው ቃል የተናገረ።

ደወል ሲደወል፣ በአንጸባራቂ ሰደርያ
ወጡ ወደ ጨለማ፣ እየተጋፉ ወዲያ።
ሲንድሬ መጨረሻ፣ ወረቀቱን ገልብጦ
ሄደ፣ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ አስቀምጦ።

በእኛ አፍ ገና «ዩል» ነው። ጎማም «ዩል» ነው።
ሲጠሩት አንድ ነው፣ የሚለየው ሲጽፉት ነው፤
ጎማ የሆነ እንደሁ ከፊት ትቆማለች
ድምፅ የሌላት ፊደል። አትሰማም። ግን አለች።

ማታ ወረቀቱን ገልጬ አየሁት፤
ስድስት ሥዕል ነበር እኔ የደረደርኩት፣
እሱ ዘንድ ሰባት ነው። ደግሜ ቆጠርኩት።
ከአራተኛው በፊት፣ በእርሳስ፣ ደብዘዝ ብላ፣
ጓንቲ ተሥላለች፣ ያቺው ነጠላ፤
ከሥሯም ፊደሏ፣ ያቺ ዝምተኛ፣
ገብታለች ከመሐል፣ እንደ መንገደኛ።

«መልካም ጎማ» ይላል የሲንድሬ ሰላምታው።
ቀይ እስክሪብቶዬን ልስብበት ስል ነው
ሬዲዮው ከጀርባዬ ስለ መንገድ ያወራው፦
የተራራው መንገድ ከቀትር ጀምሮ
ዝግ ነው፤ በረዶው ምልክቱን ቀብሮ
ከባድ መኪኖቹን አስቁሟል ወዲያ ማዶ፣
ጠራጊው እስኪመጣ። ሌላ ዜና። በረዶ።

የሲንድሬ አባት ዓሣ ጭኖ ይነዳል።
ሐሙስ ነው የሄደው፤ «ለበዓል ይመጣል»
ብላኝ ነበር እናቱ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ
የጃኬቱን ዚፕ ስትዘጋ በችኮላ።

ፊደል ስቶ ይሆን? ሊሆን ይችላል፤
ስንቱ ትልቅ ሰው ይህችን ይሳሳታል።
ግን «ሣል» ሳይሉት ጓንቲ ማን ይሥላል?

ቀለሙ ጣቴ ላይ ቆይቶ ደረቀ።
ነፋሱ መስኮቱን ገፋ፣ ለቀቀ።

ኤክስም፣ ራይትም፣ ምንም አላሰፈርኩ፤
እርሳስ አንሥቼ ከጎኗ ሣልኩ
ጥንዷን፣ አውራ ጣቷ ወደሷ የዞረ።
ጓንቲ አልሆነልኝም፤
ዓሣ መስሎ ቀረ።