ሃምሳ ሳንቲም

ትናንት ከቀትር በኋላ በሬን መታ ልጁ፣
አንድ ሸክላ ይዞ፣ እንደ አራስ ታቅፎ በእጁ፣
በነተበ ጥቁር ሻሽ ዙሪያውን ጠቅልሎት።
ኔልስ ነው ስሙ። ፍሬሞንት፣ ከሟች ባልቴት ቤት፣
ዕቃዋ ሲቸበቸብ ከምድጃ ሥር አግኝቶት።
«በዓለም ላይ የቀረው ይኸው ነው» አለኝ፣
«አንድ ነገር ብቻ፣ ጆሮዎን ያውሱኝ፤
እዚህ ጋ፣ ናሶቹ ዝም ካሉ ቀጥሎ፣
የሆነ ነገር ቅጭል ይላል ጥርት ብሎ።
ጓደኞቼ ሁሉ፣ ክረምቱን በሙሉ፣
አንዱ ‘ጸናጽል’፣ ሌላው ‘ደወል ነው’ ሲሉ
ተኳርፈው ሊቀሩ ነው። እርስዎ ነበሩ አሉኝ
ሦስተኛው ትራምፔት። እባክዎ ይንገሩኝ።»

ሳቅሁ። ሳቄ ሳል ሆኖ ትን እስኪለኝ።

ላይማን ክራብትሪን አንተ የት አየኸው፣ አልሁት፣
ነጭ ጓንት አጥልቆ ሲቆም ከፊታችን።
በትር አልነበረውም። ጣቱን ነው የፈራናት፤
አንዴ ከተነሣች፣ ሄደች ሃምሳ ሳንቲማችን።
ጫማህ ካላበራ፣ ሃምሳ። ከዘገየህ፣ ሃምሳ።
ከመድረክ ሴት ካየህ፣ ሃምሳ ወደ ጣሳ።
ከበሮ መቺው ዊልበር ካሳቀህ፣ አንተም ከፋይ፣ እሱም ከፋይ።
የአሳማ ስብ ጣሳ ነበር፤ ከእግሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ
እንደ ተራበ ውሻ አፉን ከፍቶ
የደሞዛችንን ሲሶ ሲውጥ አምሽቶ።

ኮርዲሊያ፣ ዘፋኛችን፣ ወንድሟ በሞተ ማግሥት
ጥቁር ሻሽ አስራ ብትወጣ፣ ሃምሳ ቀጣት።
ለቀብሩ ግን አበባ የላከው እሱ ነበር፤
ከዓመት በኋላ ነው የሰማነው፣ ከባለ ሱቁ፣ በምስጢር።

ሠላሳ ሰባት፣ ጥር። ብርዱ ከመጽናቱ
ከንፈር ላይ ይጣበቃል የትራምፔት አፉ።
ከኦማሃ ቺካጎ፣ በአውቶቡስ፣ ሌሊቱን ሙሉ
ሄድን ልንቀረጽ። ያኔ በሰም ነው ሁሉ፤
ወፍራም፣ ለብ ያለ ሰም፣ መልኩ ማር የመሰለ።
መርፌ ከነካው አለቀለት፤ ማዳመጥ የለ።
አምሯል ብለህ ካመንህ ወርቅ ይረጩበታል፣
ከወርቁ ላይ ደግሞ ሸክላው ይወለዳል።
ሰሙን ሳይሰሙት ማመን ነው እንግዲህ።
ላይማን አያምንም።
ሰባት ሰም ሰበረ፣ በጉልበቱ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

ስምንተኛው ላይ ከንፈሬ ደምቶ
አንዲት ኖታ ሳተችኝ።
ጣቲቱ ተነሣች። ቀዩ መብራት በርቶ፣
ሰሙ እየዞረ፣ ወደ ጣሳው ጠቆመችኝ።
አሁን? አልሁ በዓይኔ።
አሁን፣ አለች ጣቲቱ።
ተነሣሁ። ሁላችንም በካልሲ ነበርን፣ ወለሉ እንዳይናገር።
አሥራ ሁለት እርምጃ።
ጣሳው ጋ ስደርስ ናሶቹ ዝም አሉ፣ አራት ምት፣
ዊልበር እንኳ እጁን አየር ላይ የሚያቆይበት።
እልህ ይሁን ፍርሃት ዛሬም አልለየሁም፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርሁ፣
አራተኛው ላይ
ጣልሁት።

ዜማው ሲያልቅ ላይማን ጓንቱን አወለቀ።
ሰሙን ከመሐንዲሱ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረው።
ረጅም ጊዜ አኖረው።
«ወርቁን ርጩበት» አለና ሰጠው።
አውቶቡሱ በር ላይ ግን ጠብቆ ያዘኝ፤
ሳይፈቀድልህ ምት ገብተሃል ብሎ ሌላ ሃምሳ ቀጣኝ።

ሁለት መቶ ታተመ። የተሸጠው ጥቂት።
ጦርነቱ ሲመጣ ለቅመው ፈጩት፣
የሌላ ሰው ዜማ፣ ሰልፍ ማድመቂያ አደረጉት።

ልጁ ማስታወሻው ላይ ጽፎ፣ ጽፎ፣ ሲጨርስ
ሸክላውን ሊጠቀልል ሻሹን አነሣ።
«የሟቿ ስም ማን ነበር?» «አልጠየቅሁም» አለ።
ሸክላውን ውሰደው፣ አልሁት፣ ሻሹን ሽጥልኝ።
«ሻሹን?» ግራ ገባው። «እሱማ ምን ዋጋ አለው?»
ኪሴን ዳበስሁ። ጠረጴዛው ላይ ጣልሁለት።

ድምፁን ሲሰማ ቀና አለ።