ደሊንን ካየኸው

ማለዳ ላይ ፋን ደሊን ጃንደረባ ነበር፤
ጄሶ በተለሰነው የቤተ መንግሥት በር
ግንባሩን ለወለል እያስተዋወቀ
ዘጠኝ ጊዜ ተነሣ፣ ዘጠኝ ጊዜ ወደቀ።
«ይደገም!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ ዳይሬክተር፣
የንጉሡ ሸራ ጫማ ታይቶ ከካባው ሥር።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሹሩባውን ነቅለው
ነጭ ጋውን አልብሰው ሐኪም ሲያደርጉት፣
አንዲት መስመር ብቻ ነበረች ያለችው፦
«የቻልነውን አድርገናል።»
አምስት ጊዜ ቆሞ እናቲቱን አረዳት፤
በአምስተኛው ግን ድምፁ ከዳው፣
እሷኑ ወሰዷት።

ማምሻውን የወራሪ ሻምበል ሆኖ ቦይ ውስጥ ተመታ፤
ጥቂት ቆይቶ፣ መለዮውን ለውጦ፣
ተኳሹን ሆነና ሬሳውን ተሻገረ፣
የገዛ ሬሳውን፣ ዓይኑን አፍጥጦ።

በኸንግድየን ለሞተ ቀይ ፖስታ ይሰጣል፣
ክፉውን ዕጣ ከቤት ያርቃል ይባላል።
ሃያ ዩዋን ናት ውስጧ፣ ለኑድል ትበቃለች፤
ሠላሳ አራት ሞት በሣጥኑ ተኝታለች።

ባቡር ጣቢያ ያዩትና ጣት ይቀስሩበታል፤
«የት ነው የማውቅህ?» ይላል አንዱ።
«ያ ሌባው ነው!» ትላለች ሚስቱ።
«አይ፣ መነኩሴው! ገደል የገባው!»
አብረውት ፎቶ ይነሣሉ፣ ይስቃሉ፣
ስሙን ሳይጠይቁት ባቡሩ ይመጣል።

ወር ሲጠባ በአውቶቡስ ሻውሺንግ ይሄዳል፣
የአረጋውያን ቤት፣ አራተኛ ፎቅ።
እናቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ናት፣ ብርድ ልብስ ታቅፋ።
አንዳንድ ወር «ና ዶክተር» ትለዋለች፤
አንዳንድ ወር ደግሞ
«አንተ ከሃዲ! ከተማውን ሸጥከው አይደል?» ብላ
በከዘራዋ ጫፍ ቁርጭምጭሚቱን ትለዋለች።
እሱም እንደ ሐኪም የልብ ትርታዋን ይቆጥራል፣
እንደ ከሃዲ አንገቱን ይደፋል።

ዛሬ ግን ሳይቀባ፣ ባዶ ፊቱን ይዞ፣
«እማ፣ እኔ ነኝ፤ ደሊን» አላት ድምፁ ፈዞ።

አየችው። ከእግር እስከ ራሱ፣
ተዋናይ እንደሚመርጥ ሰው፣ ሳትቸኩል።
«ይሄስ ያንተ አይደለም» አለች፣ «አይመጥንህም።
ደሊን የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤
ሽሪምፕ ሊያጠምድ ቦዩ ጋ ወርዷል።
ኮፍያውን ረስቷል፤ ፀሐዩ ያከስለዋል።»

ሁሉን ሲሆን የኖረ ሰው፣ ይህን አንዱን ተከለከለ።

አልተከራከረም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
ስለ ልጁ ጠየቃት፦ ምን ይወዳል? ምን ይፈራል?
እሷም እንደ ስክሪፕት ገጽ በገጽ አነበበችለት፦
ዝይ ይፈራል።
የሩዝ ቅርፊት ከድስቱ ሥር ፍቆ ይበላል።
ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል።
(ፋን ደሊን እጁን ከጆሮው ላይ
ቀስ አድርጎ አወረደ።)

ሊሄድ ሲነሣ መንደሪን ልጣ ለሁለት ከፈለች፤
«ይሄ ያንተ» አለች። «ይሄኛው ግን የሱ ነው፤
ደሊንን ካየኸው ስጥልኝ፣
መንገድ ላይ እንዳትበላበት፣ አደራ።»

በማግስቱ ቦዩ ውስጥ ሞተ፣ ሠላሳ አምስተኛ ሞቱን፤
ካሜራው ፊቱ ድረስ ቀርቦ፣ እሱ ትንፋሹን ውጦ፣
ሽሮፑ ከአንገቱ እየወረደ፣
ከደረት ኪሱ ውስጥ
የመንደሪን ሽታ ቀስ ብሎ ወጣ።

ሬሳው አልቻለም፤ ፈገግ አለ።

«ይደገም!» አሉ።