ያልተቆጠረችው

ከገፈርሳ ግድብ ጫፍ፣ በጥር ማለዳ ቆሜ
ውሃው የት እንደደረሰ እጽፋለሁ ደጋግሜ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤
የመለኪያው ቁጥር እንቅልፍም አይነሳኝ፣
ደመወዝም አይጨምርልኝ።

ከወዲያ የቡራዩ ጣራ፣ ቆርቆሮው እያበራ፣
ከወዲህ የባሕር ዛፍ ተራ፣
መሐሉ ላይ ውሃ፣ ከማንም ጋር የማያወራ፣
በጎኑ የተኛ ተራራ።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ዝዮቹ ይወርዳሉ፤
ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ እራፊ የጣፉ ይመስላሉ።
ከዚህ ደጋ በቀር አገር የላቸውም አሉ
ወፍ የሚያውቁ ሰዎች።
ዳክዬዎቹ ግን እንግዶች፣
በረዶ ሲጠናባቸው ባሕር ተሻግረው የሚመጡ፣
እንደ ቤተኛ ተዝናንተው ጭቃችንን የሚያላምጡ።
ሽመላው ብቻውን፣ ባንድ እግሩ ቀጥ ብሎ
ጡረታ ሊቀበል እንደ ተሰለፈ ሰው፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣልኝ፦
«የወፎቹ ቁጥር ሳይጎድል፣ እስከ ዓርብ ይላክልኝ።»
ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ በጣቴ፣ በከንፈሬ፣
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ… ደረስኩ ከአርባ፣ ቆጥሬ።

ኦቦ ጉተማ፣ የግድቡ ዘበኛ፣ ካፖርቱን ደርቦ
ዱላውን መሬት ላይ ተከለ፣ ከጎኔ ቀርቦ፦
«አንቺ ልጅ! አንዷን ተያት።
እዚህ ውሃ ላይ ያለ ነገር ሁሉ አይቆጠርም፤ ስሚኝማ በትዕግሥት።

«ግድቡ ሳይሠራ ይህ ሁሉ ጨፌ ነበር፣
ሣሩ ውስጥ ገብታ ላም የምትሰወር።
የዲንቄ ግጦሽ ይሉታል፤ ባሏ የሞተባት፣
ከላሞቿ በቀር ዘመድ ያልነበራት።
ካሳ ይከፈል ተባለና አንድ ጸሐፊ መጣ፣
መነጽሩን ጠረገ፣ መዝገቡን አወጣ።
‹ቁጠር› አለችው፣ ‹አንዷን ግን ተዋት፤
የጨፌው ድርሻ ናት፣ በቁጥር አትንካት።›
ሳቀ። ጣቱን በምራቁ አርሶ
ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ፣ ሁሉንም ጨርሶ።
ያን ሌሊት ጭጋግ ወረደ። በረቱ አልተሰበረም፣
ውሻ አልጮኸም፣ ጅብ አልነበረም፤
ሲነጋ ግን በበረቱ አንድ ኮቴ አልቀረም።
ዱካው ወደ ጨፌው ወርዶ፣ ከውሃው አፍ ላይ ቀረ።
ዲንቄ የወተት መግፊያ ቅሏን አንጠልጥላ
ተከተለቻቸው፣ በሯን ክፍት ጥላ።
ካሳውን ማን እንደ በላው እስካሁን አልተነገረ!
በሐምሌ ሌሊት ከዳር ላይ ሲንቦጫረቅ ብትሰሚ
ነፋስ ነው አትበይ፤ ወተቷን እየገፋች ነው። ዝም ብለሽ ክረሚ።»

ሳቅሁ፤ ልክ እንደ ጸሐፊው። የተማርኩ ሰው ነኝ፤
ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለ፣ አቧራ የጠጣ ዲግሪ አለኝ።
ከዚያ ትዝ አለኝ አምና፣
በልጉ የቀረ ጊዜ፣ ውሃው ሸሽቶ ከዳር ሲርቅና
ጭቃው እንደ ተረከዝ ሲሰነጠቅ፣
አንድ ክብ የድንጋይ ካብ ከሥሩ ብቅ፤
በር የሚመስል ክፍት፣ ወደ ምሥራቅ።
መሐሉ ላይ ዝይ ታቅፋለች፤
ብጠጋትም አልተነሣች፣
በግማሽ ዓይኗ አየችኝ፣
እቤቷ እንደገባሁ ነገረችኝ።
ያኔም ዕንቁላሏን ልቆጥር ጎንበስ ብዬ ነበር።
ለምን እንደተውኩት ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባሌም ጭምር።

እርሳሴን አነሣሁ። በቅጹ ዓምድ ላይ
ሠላሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ፣ ኦቦ ጉተማ እያየኝ፣ እሱ ሳይል ዋይ፣
እኔም ሳልል ወይ።
የውሃውንም ልክ፣ ይቅር በሉኝ አለቆቼ፣
አንድ ጣት ቀነስኩት፣ ሰባቱን ስድስት አድርጌ፣ አጥፍቼ።

እና ኮልፌ ላይ፣ ሳምንት ሙሉ ደርቆ
የከረመ ቧንቧ በሌሊት ሳል ይዞት፣ አንቆት፣ ተናንቆ
አንድ ጀሪካን ቢሞላ፣ ያውም በማያስቡት ሰዓት፣
ሴትዮዋም በእንቅልፍ ልቧ «ይሄ ደግሞ ከየት?»
ብትል፣
እኔን አትጠይቁኝ።
አልቆጠርኩትም።