የሰው ደብዳቤ

ጭቃው ጉልበት ደርሷል፤ ብርዱም አልወጣልን፤
ከወንዙ ማዶ ያለው ጠላትም አልመጣልን።
በቨርጂኒያ ሜዳ የጥድ ግንድ ቆራርጠን
ጎጆ ቀለስንና፣ በርሜል ለጭስ አስቀምጠን፣
አራት ሆነን ገባን። ነፋስ በዞረ ቁጥር
በርሜሉ ይነዳል፤ ያኔ ሩጫ ነው፣ ግርግር።

ፈረስ ግን ጎጆ የለው። ገመድ ላይ ተደርድሮ፣
ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ያድራል ተቀብሮ
እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ድርቆሽ ያጣ ለት
የጎረቤቱን ጭራ ሲያኝክ ይሰማል ሌሊት።
የኔው ዳማ ደህና ነው፤ ሰኮናው ብቻ ቆስሏል፤
በማለዳ ስፍቀው ኪሴን ይፈትሻል፣
ስኳር ያለ መስሎት። ስኳር ከየት አባቱ!
ብስኩት ነው የምንካፈለው፣ ከነትሉ፣ ከነድርቀቱ።

ባርናባስ ፑል የሚባል፣ ከጎኔ የሚተኛ፣
መዳፉ እንደ አካፋ፣ ከሁሉ ዝምተኛ፣
ለፈረስ ብረት ጫማ የሚመታ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣
እሑድ እሑድ ማታ አንድ ልማድ ነበረ፦
ጉማጅ ሻማውን አምጥቶ፣ ድንች ላይ ተክሎ፣
"ጻፍልኝ" ይለኛል፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ።

"በል እንግዲህ፦ ደህና ነኝ፤ አትስጊ፤
ስምንት ዶላር ልኬያለሁ፤ ዕዳ ክፈይ፣ ዘር ፈልጊ፤
የጉድጓዱ ገመድ አርጅቷልና ቀይሪው፤
ያን ተዋጊውን በሬ ለወንድሜ ሽጪው።
ደግሞ..." ይልና ያቆማል። ሻማው ያልቃል።
"ደግሞ ምን?" እለዋለሁ። ትከሻውን ያነቃንቃል።

ያን "ደግሞ" የምሞላው እኔ ነበርሁ፣
"ናፍቀሽኛል" እያልሁ፣ በሰው ቃል፣ በሰው ስም፤
ለሎቪና፣ ለሚስቴ፣ ጽፌው እንኳ አላውቅም።
ሎቪናማ አትጽፍም። ተመዘገብሁ ሳልነግራት፤
ቦት ጫማዬን ከደጅ ወረወረች፤ ያ ነበር ሽኝት።

ከኦሃዮ መልስ ይመጣል። ድሩሲላም ፊደል የላት፤
ልጅቱ ናት ጸሐፊዋ፣ ኬዚያ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት።
መስመሯ ዳገት ቁልቁለት፣ ቀለሟ የጭቃ ጠብታ፤
"አባዬ፣ ገመዱ ተቀየረ። በሬው ግን ተመለሰ በማታ፣
አጥር ሰብሮ።" ሳነብለት ያ ዝምተኛ ይስቃል፤
"ድገመው" ይለኛል። በሬው ስንቴ ተመልሷል!

በየካቲት ታመመ። ጥይት አይደለም፤ ተቅማጥ ነው፤
ለሐውልት የማይሆን ነገር፤ አራት ቀን ነው የፈጀው።
"ፈረሴን ጫማ አልብሱት" አለ፤ ብዙም አልተናገረ።
"ደግሞ..." ብሎ ነበር። ያ "ደግሞ" እዚያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን የፖስታ ሠረገላ ሲመጣ፣
"ባርናባስ ፑል!" ተብሎ ስሙ ተጠራ። ማን ይውጣ?
"አቤት" አልሁ፣ እኔው። ከጎጆው ኋላ ሄጄ፣
በዳማው ጫንቃ ተደግፌ፣ ቀደድሁት በእጄ።
በሬው ዳግም ተሽጧል፤ ሕፃኑም ጥርስ አወጣ፤
ከዚያ መስመር ተሰምሮ፣ የደቀቀ ጽሑፍ መጣ፦

"ይህን እማዬ አላለችም። የምጽፈው ራሴ ነኝ።
ለአባዬ የሚጽፉለት ሰውዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።
አባዬ 'ናፍቀሽኛል' አይልም፤ እኔ አውቀዋለሁ፤
እማዬ ግን ስትሰማው ፊቷን ስታዞር አያለሁ፤
ስለዚህ አልነገርኋትም።
እርስዎስ? ከቤትዎ ማን ይጽፍልዎታል?"

ሁለት ወረቀት አለኝ። አንዱ "ውድ ኬዚያ" ብሎ ባዶ፣
ቀለሙም ከቀንዱ ውስጥ ረግቷል እንደ በረዶ።
በሁለተኛው ላይ ስም ጽፌ አጠፋሁ፤ ደግሜ ጻፍሁ።
ውጭ፣ ገመዱ ላይ፣ የባርናባስ ፈረስ
አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሟል።

ነገ ጫማ አለብሰዋለሁ።
ሥራውን አላውቀውም።
መዶሻው ግን እዚህ ነው፣ ከድንቹ አጠገብ፤
እጀታው የሱን መዳፍ ያህል ጎድጉዷል።