ከባሕር ጠለል በላይ

ከሰሌዳው ጥግ፣ ዳስተር የማይደፍረው፣
መምህር ጉልላት በጠመኔ ያኖረው፦
ሃያ ሁለት ነጥብ አራት።
ሊትር ነው፤ የአንድ ሞል ጋዝ ማደሪያ።
ሃይድሮጅን ቀጭን፣ ክሎሪን ወፍራም ነው አይልም፤
ለሁሉም አንድ ክፍል፣ አንድ ልክ።

የላብራቶሪው መደርደሪያ ከአቧራ ሌላ የለውም።
እብነ በረዱን ኑረዲን ነው ያመጣው፣
በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ፣
እሪ በከንቱ አፋፍ ላይ ከፈረሰ ፎቅ ደረጃ፤
አንዱ ጠርዙ በሰው እግር የለሰለሰ፣
አንዱ ጠርዙ በዶማ የተነከሰ።
"የማን ደረጃ ነው?" አልነው።
"የሁላችንም። እየዘለልን የወረድንበት።"
መምህሩ በመዶሻ ሰበረው፣
ከስባሪው አንድ ግራም መዘነ።
"አሁን አንድ መቶኛ ሞል ነው" አለ፣
"ደረጃ መሆኑን እርሱት።"

መጀመሪያ አሲዱ። ጠርሙሱ ላይ አሥራ ሁለት ሞላር፣
እኛ የምንፈልገው ሁለት።
"አሲድ ወደ ውሃ!" ብሎ ጮኸ፣
"ውሃ ወደ አሲድ የጨመረ
ዓይኑን ይዞ ምኒልክ ሆስፒታል ይሩጥ!"
አሥር ሚሊ ሊትር ቀዳን፣ በውሃ እስከ ስልሳ ሞላን።
ያው አሲድ ነው። አንዲት ቅንጣት አልጎደለችም፤
ተራራቁ እንጂ።
ኑረዲን ቀና አለ፦ "እንደኛ ሰፈር ሰው።"
ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አያት፣ ሌላው ቦሌ አራብሳ፤
ቁጥሩ ያው፣ ሊትሩ የሰፋ።
መምህሩ ሰማ። አልመለሰም።
የታጠበውን ብርጭቆ ደግሞ አጠበ።

ከዚያ ድንጋዩ ገባ፤
እሳት ሳይነካው ፈላ።
የጎማው ቱቦ አንዴ ተንፈራገጠ፣
በተገለበጠው ሲሊንደር ውስጥ
ውሃው ቁልቁል፣ አረፋው ሽቅብ፤
መቶ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ፣
ሁለት መቶ ሰባ ሚሊ ሊትር ላይ ቆመ።

መጽሐፉ የነገረን ሁለት መቶ ሃያ አራት።
አካፈልን፣ በመቶ አባዛን፤
መቶ ሃያ በመቶ!
ትርሲት ካልኩሌተሯን በመዳፏ መታች፣ ደገመች፤ ያው።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፦
"በመቶ ብር ሃያ ብር ትርፍ! መርካቶ እንውረድ!"

መምህሩ መስኮቱን ከፈተ።
ከታች ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ይንደረደራል፣
የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ከአቧራው ጋር ገባ።
"ያ ቁጥር" አለ፣ ወደ ጥጉ እየጠቆመ፣
"የባሕር ጠለል ልጅ ነው፤
ብርዱ ዜሮ፣ አየሩ ሙሉ ሸክሙን የጣለበት።
እናንተ የት ናችሁ?"
ዝም። "ፒያሳ" ማለት መልስ አልመሰለንም።
"ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ላይ!
እዚህ አየሩ ሲጫነን ይሳሳልናል፣
ከአራት እጅ አንዱን ትቶልናል፤
ክፍላችሁም ሃያ ዲግሪ ነው።
ጋዙ ይንጠራራል፣ እግሩን ይዘረጋል፣
ሞሉ ሠላሳ ሁለት ሊትር ካልሰጣችሁት አይተኛም።"

የድሮውን ቁጥር አላጠፋውም።
ከሥሩ ጻፈ፦ ሠላሳ ሁለት፣ እዚህ።

እንግዲህ የሚጠበቀው ሦስት መቶ ሃያ፣
የተገኘው ሁለት መቶ ሰባ፤
ሰማንያ አራት በመቶ።
ከትርፍ ወደ ጉድለት በአንድ መስመር ወረድን።
"የቀረው የት ሄደ?"
የፈተና ጥያቄ ሆነ፣ አራት ነጥብ።
ጻፍኩ፦ በቡሹ ዳር ሾልኮ፣
ውሃው ውስጥ ሟሙቶ፤
ድንጋዩም ንጹሕ አልነበረም፤
ሲሚንቶ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የጫማ አፈር።

ሐሙስ ኑረዲን አልመጣም።
ሁለት ታክሲ ነው፣ ሲዘንብ ሦስት።
ሰኞም።
መምህሩ ስም ሲጠራ እሱ ጋ ሲደርስ ይዘገያል፤
መዝገቡ ላይ "ቀሪ" አይልም፣
በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል።

ፈተናው ሲመለስ ከአራት ሦስት አገኘሁ።
በቀይ ቀለም፣ በተጣመመ ጽሕፈቱ፦
"የሾለከውና የሟሟው አንድ አይደለም።
የሟሟው እዚያው አለ። ለይተሽ ጻፊ።"

የተረፈው ስባሪ ኮምፓስ ሳጥኔ ውስጥ ነው፣
የለሰለሰው ጠርዝ ያለበት።
ሠላሳ አንድ ግራም።
አሲድ አላስነካሁትም።