ላም በሰማይ

ጥር ላይ ክረምት ገብቶ ሳኦ ፓውሎ ዘንቧል፤
የቫልደኖር ሞተር ደጅ ቆሞ ረጥቧል።
አሮጌ ሞተር ናት፣ መብራቷ የጠፋ፣
ወንበሯ ተቀዶ ስፖንጅ የሚተፋ፤
ፒዛ ታደርሳለች፣ መድኃኒት፣ አበባ፣
ዘበኛ ጋ ቀርታ ግቢ ሳትገባ።

ፖስተኛው ትናንትና ወረቀት ጥሎ አልፏል፤
«የተሽከርካሪ ግብር» ካናቱ ላይ ተጽፏል።
ዲርሲ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ትደረድራለች፣
የጋዙን ለይታ የጫማ ትቆጥራለች፤
ደግሞ ትቀንሳለች። ደግሞ ትደምራለች።

ቆርቆሮው ተርገፈገፈ።
ሄሊኮፕተር አለፈ።

ከፎቅ አናት ተነሥቶ ፎቅ አናት ሊያርፍ ነው፤
መሐል ያለው መንገድ፣ መብራቱ፣ ጭቃው፣
የሱ መንገድ አይደል፣ የነቫልደኖር ነው።

«የዚህ ግብር ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው
ኦሊንዶን፣ ጎረቤቱን፣ የመዝገብ ቤት ሰው፣
«ምንም» አለው። «ያ ሕግ
ተሽከርካሪ ሲል፣ መሬት ለረገጠው።»
«እሱስ አይሽከረከር? ያውና አናቱ ላይ!»
«ይሽከረከራል እንጂ። ግን በሰማይ።»

ላም አለኝ በሰማይ የድሃ ቃል ነበር፣
ወተቷን ሳያያት ሲመኛት የሚኖር።
እዚህ ግን ላሚቱ በእውነት ሰማይ አለች፤
ትታለባለች፤
ሣሩን ከታች ግጣ ላይ ትወልዳለች።

ኦሊንዶ መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲሠራ
ያየው ይሄን ብቻ፦ ሀብት እንደ ተራራ
ወዳንድ ወገን ሲቆለል ብዕርም ይከተላል፤
ሳሙናው ይቀረጣል፣ የአክሲዮን ትርፍ ያልፋል።
ማንም አልሰረቀም። ሁሉም በማኅተም፣
እጅ ወጥቶ ያለቀ ነው። ሌባ የለም።

በኔ ቋንቋ «ግብር» ሁለት ነው ትርጉሙ፤
አንዱን ሊከፍሉት ነው፣ አንዱን ሊታደሙ።
ልነግረው ፈልጌ ተውኩት ለቫልደኖር፤
ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀው ነበር።

ማታ በሦስት ክፍያ ወረቀቱን ፈረመ፤
የልጁ ጫማ ነገር ለመጋቢት ቆመ።
ሞተሯ ሁለቴ ስላ በሦስተኛው ተነሣች፤
ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሾርባ አለች፣ ትኩስ ነች።

አድራሻው ፎቅ ነው፣ ሠላሳኛ።
«እዚሁ ተው» አለው ዘበኛ።

ቫልደኖር ቀና አለ፤ ጣራው ላይ፣ በዝናቡ መሐል፣
አንድ ነገር ይሽከረከራል።